የድረ ገጽ አጠቃቀም ቅለት እስከ ምን ድረስ ነው? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

በደሴና በኮምቦልቻ ለሚገኙ ነጋዴዎች፣ ክሊኒኮችና ማኅበራት ድረ ገጽ ስሠራ ከደንበኛ አፍ ቀድሞ የሚወጣው ቃል ብዙ ጊዜ «ቀላል ይሁን» የሚል ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ነገር ግን የሚቀለው ለማን እንደሆነ፣ ከተጠቃሚው ላይ የሚነሣው ሸክምም በማን ጫንቃ ላይ እንደሚያርፍ ሳይታሰብ የተጀመረ ሥራ ኋላ ላይ ጣጣ ያመጣል። ከዚህ በታች ያሉት በሥራዬ ላይ ደጋግመው የቀረቡልኝ ጥያቄዎች ናቸው።

«ለአጠቃቀም ቀላል» ማለት በትክክል ምን ማለት ነው?

ብዙ ሰው ቅለትን ከገጹ ማማር ወይም ከቁልፎቹ ማነስ ጋር ያያይዘዋል። ዓለም አቀፉ የደረጃዎች ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1998 አውጥቶ በ2018 ባሻሻለው አይሶ 9241-11 በተባለው ደረጃ ግን መለኪያዎቹ ሦስት ናቸው፦ ተጠቃሚው የፈለገውን ሥራ በትክክል መፈጸሙ፣ ለዚያ ያወጣው ጊዜና ድካም፣ እንዲሁም በአገልግሎቱ መርካቱ። እኔ ከሦስቱም በላይ ቦታ የምሰጠው በዚያው ትርጉም ውስጥ ላለ ሌላ ሐሳብ ነው። ደረጃው የሚናገረው በደፈናው ስለ ተጠቃሚ ሳይሆን፣ ማንነቱ ተለይቶ ስለታወቀ ተጠቃሚ፣ ተለይቶ ስለታወቀ ዓላማና ተለይቶ ስለታወቀ የአጠቃቀም ሁኔታ ነው። ስለዚህ «ይህ ድረ ገጽ ቀላል ነው» ማለት ብቻውን ምንም አይነግረንም። ኮምቦልቻ ላይ በዩኒቨርሲቲው ኮምፒውተር ፊት የተቀመጠ ተማሪና ደሴ ሰኞ ገበያ ፀሐይ ላይ ቆማ በተሰነጠቀ ስክሪን ዋጋ የምትፈልግ የቅቤ ነጋዴ አንዱን ገጽ በአንድ ዓይን አያዩትም።

ታዲያ ገደቡ የት ላይ ነው? ሁሉንም ነገር ማቅለል አይቻልም?

አይቻልም። በዜሮክስና በአፕል ኩባንያዎች የሠራው፣ ጽሑፍን ቀድቶ የመለጠፍ ዘዴን ካስገኙት ባለሙያዎች አንዱ የሆነው ላሪ ቴስለር እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ያስቀመጠው አስተሳሰብ እስካሁን የተሻለ ማብራሪያ ሆኖ አገኘዋለሁ። ማንኛውም ሥራ ከተወሰነ መጠን በታች ሊቀንስ የማይችል ውስብስብነት አለው፤ የሚቀረው ምርጫ ያንን ውስብስብነት ተጠቃሚው ይሸከመው ወይስ ሠሪው የሚለው ብቻ ነው።

ለዚህ ከአማርኛ ፍለጋ የተሻለ ምሳሌ አላውቅም። በወሎ ምድር አንድን ስም አንዱ «መሐመድ»፣ ሌላው «መሃመድ»፣ ሦስተኛው «መሀመድ» ብሎ ይጽፈዋል፤ «ፀሐይ»ና «ጸሀይ»፣ «ዓለሙ»ና «አለሙ»ም እንደዚሁ ናቸው። ገጹ የተጻፈለትን ፊደል ብቻ የሚፈልግ ከሆነ ሸክሙ በተጠቃሚው ላይ ይወድቃል፤ «አልተገኘም» የሚል መልስ ያገኝና ስሙ የሌለ መስሎት ይሄዳል። ፕሮግራመሩ ግን ሀን፣ ሐንና ኀን፣ ሰንና ሠን፣ አንና ዐን፣ ጸንና ፀን አንድ አድርጎ የሚያይ ሰንጠረዥ አንድ ጊዜ ከሠራ የሁሉም ሰው ድካም በእርሱ አንድ ቀን ሥራ ይተካል። እዚህም ላይ ቢሆን ገደብ አለ። ፍለጋው ፊደላቱን አንድ አድርጎ ማየቱ መልካም ነው፤ መዝገቡ ግን አንድ ሊያደርጋቸው አይገባም፤ ምክንያቱም «ሠረቀ» ለፀሐይ፣ «ሰረቀ» ደግሞ ለሌባ የሚነገርበት የአጻጻፍ ልማድ አለ፤ ከዚያም በላይ ሰው ስሙ በራሱ አጻጻፍ እንዲቀመጥለት መብት አለው። የትምህርት ማስረጃው ላይ «ሐ» ሆኖ ምዝገባው ላይ «ሀ» የሆነበት ሰው ቢሮ ለቢሮ የሚንከራተተው «ለማቅለል» በተደረገ ነገር ሊሆን ይችላል።

የኢትዮጵያ ሰዓትና ዘመን አቆጣጠር መጠቀም ገጹን ያቀለዋል ወይስ ያወሳስበዋል?

ለተጠቃሚው ያቀለዋል፤ ለሠሪው ያወሳስበዋል፤ እንደዚያ መሆኑም ትክክል ነው። ይህን የተማርኩት ከራሴ ስሕተት ነው። ለአንድ የትራንስፖርት አገልግሎት የትኬት መቁረጫ ገጽ ስሠራ፣ ሰዓቱን ሰርቨሩ፣ ማለትም የገጹን መረጃ የሚይዘው ኮምፒውተር፣ እንዳስቀመጠው እንዲያሳይ ተውኩት። ከደሴ አዲስ አበባ ድረስ ወደ 400 ኪሎ ሜትር የሚጠጋውን መንገድ የሚሄደው አውቶቡስ የሚነሣው ሌሊት 11 ሰዓት ነበር፤ ትኬቱ ላይ የታተመው ግን «05:00» የሚል ነበር። አንዲት እናት ማር የሞላ ባለ አምስት ሊትር ጀሪካን አንጠልጥለው፣ ሻንጣቸውን ለልጃቸው አሸክመው ከረፋዱ አራት ሰዓት ተኩል ላይ ወደ መነሻው መጡ። አውቶቡሱ ከሄደ ከአምስት ሰዓት በላይ ሆኖት ነበር። እርሳቸው አልዘገዩም፤ እንዲያውም ግማሽ ሰዓት ቀድመው ነው የመጡት። ወረቀቱን ዘርግተው «አምስት ሰዓት ይላል እኮ ልጄ» ሲሉ ትኬት ቆራጩ የሚመልሰው አጣ።

በመጀመሪያ ያሰብኩት መፍትሔ ሁለቱንም ሰዓት ጎን ለጎን ማሳየት ነበር፤ ሞክሬው ግን ግራ መጋባቱ ባሰ፤ ምክንያቱም ሁለት ቁጥር ያየ ሰው የሚመቸውን መርጦ ይይዛል። አሁን አንድ ቁጥር ብቻ፣ ከቀኑ ክፍል ስም ጋር፣ በቃል እጽፋለሁ፦ «ሌሊት 11 ሰዓት»። የአውሮፕላን ትኬት ከሆነ ግን ተጓዡ በአየር ማረፊያው ሰሌዳ ላይ የሚያየው ዓለም አቀፉን ሰዓት ስለሆነ ይህ አሠራር ራሱ ሊያሳስት ይችላል። ስለዚህ ቅለት እንደ ቦታው ይለያያል።

ቀንን በተመለከተ፣ ከውጭ ተሠርተው የሚመጡት የቀን መምረጫዎች 12 ወር ብቻ ስላላቸው ጳጉሜን የተወለደ ሰው የልደት ቀኑን በእነርሱ ላይ አያገኘውም። ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ደምሮ መገላበጥም አይበቃም፤ ጳጉሜን 6 ቀን ከሆነችበት ዓመት ቀጥሎ ባለው ዓመት ቀኑ እስከ የካቲት 21 ድረስ በአንድ ይገፋል። ጥምቀት አብዛኛውን ጊዜ በጃንዋሪ 19 ሲውል በ2012 ዓ.ም. በጃንዋሪ 20 የዋለው በዚህ ምክንያት ነው። ይህን ስሌት ኮዱ ይሥራው፤ ተጠቃሚው ጣቱን እየቆጠረ እንዲገለብጥ መጠየቅ አይገባም።

የማረጋገጫ ገጽ ለምን ይጨመራል? ደንበኛን ያሰለቻል እኮ።

አማዞን በአንድ ንክኪ የመግዛት ዘዴውን እ.ኤ.አ. በ1999 በፓተንት አስመዝግቦ እስከ 2017 ድረስ ይዞት ስለቆየ «አንድ ንክኪ» የሚለው ሐሳብ የቅለት ጫፍ ተደርጎ ይታያል። መጽሐፍ ለሚገዛና የተሳሳተውን ለሚመልስ ሰው ይህ ጥሩ ሊሆን ይችላል። ኮምቦልቻ ለሚገኝ አንድ የዘይትና የሳሙና አከፋፋይ ግን በእርሱ ጥያቄ የማረጋገጫ ገጹን አውጥቼ ያየሁት ሌላ ነው። ባለሱቆቹ ኔትወርክ ሲዘገይ ቁልፉን ደግመው ይነኩታል፤ ስክሪኑ ዝም ሲል ያልሠራ ይመስላቸዋልና ሦስተኛ ይጨምራሉ። አንድ ባለሱቅ አምስት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ዘይት ብቻ አዝዞ አሥራ አምስት ወረደበት። ሹፌሩ አላወርድም፣ ባለሱቁ አልቀበልም ሲሉ የነበረው ጭቅጭቅ ማረጋገጫው ይወስድ ከነበረው አምስት ሴኮንድ እጅግ ይረዝማል።

ከዚህ በኋላ የተደረገው ሁለት ነገር ነው። አንደኛው ተጠቃሚው የማያየው ነው፤ እያንዳንዱ ትእዛዝ ገጹ ሲከፈት የራሱ መለያ ቁጥር ስለሚሰጠው ቁልፉ አሥር ጊዜ ቢነካም ሰርቨሩ የሚቀበለው አንዱን ብቻ ነው። ሁለተኛው ማረጋገጫው ራሱ ነው። «እርግጠኛ ነዎት?» የሚል ማረጋገጫ ዋጋ የለውም፤ አውራ ጣት ሳያነብ «አዎ» ማለትን በሁለት ቀን ይለምዳል። ማረጋገጫ የሚጠቅመው የሚከተለውን ነገር ሲያሳይ ነው፦ «አምስት ጀሪካን ዘይት፣ ነገ ጠዋት፣ ቦርከና አካባቢ ወዳለው ሱቅዎ።»

ማረጋገጥ ብቻውን እንደማያድን የሚያሳይ ታላቅ ምስክር አለ። እ.ኤ.አ. በኦገስት 2020 ሲቲባንክ የሬቭሎን ኩባንያን ብድር ወለድ ሊከፍል አስቦ 900 ሚሊዮን ዶላር የሚጠጋ ገንዘብ ለአበዳሪዎቹ ላከ። ክፍያው በሦስት ሰዎች የጸደቀ ነበር፤ ዋናው ገንዘብ እንዳይወጣ በስክሪኑ ላይ ሦስት ሳጥኖች መሞላት ሲገባቸው የተሞላው አንዱ ብቻ ነበር፤ ሦስቱም ሰዎች በቂ ነው ብለው ገመቱ። ሦስት ፊርማ ነበረ፤ «አሁን ሊወጣ ያለው ይህን ያህል ገንዘብ ነው» ብሎ በግልጽ ያስቆማቸው ነገር ግን አልነበረም።

የድረ ገጽ ይዘት ለሁሉም ተደራሽ እንዲሆን የወጣው ዓለም አቀፍ መመሪያ ሕጋዊ ግዴታ ወይም ገንዘብ ላለበት ገጽ ከሦስት አንዱ እንዲሟላ ይጠይቃል፦ ድርጊቱ የሚመለስ ይሁን፣ ወይም ስሕተቱ ተፈትሾ ይነገር፣ ወይም ከመላኩ በፊት ታይቶ ይረጋገጥ። ከሦስቱ የምመርጠው የመጀመሪያውን ነው። የመኪና ጭነት እስኪጀመር ድረስ ትእዛዙን መሰረዝ የሚቻል ከሆነ ማረጋገጫው አጭር ቢሆንም ጉዳት የለውም።

ደንበኞች በቀላሉ እንዲመዘገቡ፣ ግን በቀላሉ እንዳይወጡ ማድረግ ይቻላል?

በቴክኒክ ይቻላል፤ እኔ አልሠራውም። ይህን ዓይነቱን አሠራር ሃሪ ብሪግናል የተባለ እንግሊዛዊ ባለሙያ እ.ኤ.አ. በ2010 «ጨለማ ዘዴ» የሚል ስም አውጥቶለታል፤ እኛ ደግሞ ሳንመዘገብ በየቀኑ አጭር መልእክት እየላኩ ከካርዳችን ብር ከሚቆርጡት አገልግሎቶች በደንብ እናውቀዋለን። ለመግባት አንድ ፊደል ከበቃ፣ ለመውጣትም አንድ ፊደል ሊበቃ ይገባል።

የይለፍ ቃልና በስልክ የሚላክ ኮድ ቢቀር አይሻልም?

ይህን ጥያቄ ለመመለስ ደሴ ፒያሳ አካባቢ አንድ ኢንተርኔት ቤት ውስጥ ለግማሽ ቀን ተቀምጬ ነበር። ከገጠር የመጡ አንድ አባት ለልጃቸው የምዝገባ ፎርም ያስሞላሉ። የቤቱ ሠራተኛ ስም ይጠይቃል፣ ይጽፋል፤ ስልክ ቁጥር የሚለው ቦታ ላይ ሲደርስ ሽማግሌው ስልካቸው ቤት መቅረቱን ነገሩት። ሠራተኛው ልጅ ብዙም ሳያስብ የራሱን ቁጥር አስገባ፤ ኮዱ በራሱ ስልክ መጣ፤ ሞላው፤ የይለፍ ቃሉንም እርሱው ፈጥሮ በሰማያዊ እስክሪብቶ ደብተር ላይ ጻፈው። ደብተሩን ገለጥ አድርጌ ባየው ገጽ በገጽ የሰው ስምና የይለፍ ቃል ነው፤ ከአብዛኞቹ ጎን የተጻፈው ስልክ ቁጥር ደግሞ አንድ ነው፣ የእርሱው።

ልጁ ክፉ አይደለም፤ ሠላሳ ብር ተቀብሎ ሰው ይረዳል። ነገር ግን ያ ሁሉ ሰው ነገ የይለፍ ቃሉን ቢረሳ መመለሻው መንገድ በዚህ ልጅ ሲም ካርድ በኩል ነው፤ ልጁ ሥራ ቢለቅ ወይም ሲሙን ቢቀይር በሩ ይዘጋል። ገጹን የሠራው ሰው ተጠቃሚውና ባለጉዳዩ አንድ ሰው ናቸው ብሎ ነበር ያሰበው። እዚህ ላይ ኮዱን ማስቀረት ቅለት ሳይሆን የሰውን ጉዳይ ለመንገደኛ ክፍት ማድረግ ነው።

ሊደረግ የሚችለው ይህ ነው፦ ፎርሙ «ለራስዎ ነው ወይስ ለሌላ ሰው የሚሞሉት?» ብሎ ይጠይቅ፤ ባለጉዳዩ የማመልከቻ ቁጥሩን የያዘ ወረቀት ታትሞ ይሰጠው፤ ስልክ ቁጥርንም መታወቂያ ይዞ በአካል በመቅረብ መቀየር ይቻል። ትርጉም የለሽ ድካምን ግን ማስወገድ ይገባል። የአሜሪካ ብሔራዊ የደረጃዎችና የቴክኖሎጂ ተቋም እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጣው መመሪያ የይለፍ ቃልን በየጊዜው ማስቀየርንም ሆነ ቁጥርና ምልክት ቀላቅሉ ማለትን መክሮ አስቀርቷል፤ ትኩረቱ ርዝመት ላይ ነው። ከዚህ ያለፈውን ችግር በዲዛይን መፍታት አይቻልም። ድረ ገጽ ተከፈተ ተብሎ የቢሮ መስኮት ሲዘጋ ሳይ የማዝነውም ለዚህ ነው፤ ለእነዚያ አባት ከሁሉም ቀላሉ ገጽ ከመስኮቱ ጀርባ የተቀመጠ ሰው ነበር።

የፎርሙን ጥያቄዎች በሙሉ ብንቀንሳቸውስ?

የማያስፈልገውን ይቀንሱ። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ ለሥራው የማይፈለግ መረጃ አለመሰብሰብ የመልካም ዲዛይን ብቻ ሳይሆን የሕግም ጉዳይ ሆኗል። ከውጭ በተቀዱ ፎርሞች ላይ የሚገኘው «የቤተሰብ ስም» የሚል ሳጥንም መጀመሪያ መውጣት ካለባቸው አንዱ ነው፤ እኛ የምንጠራው በራሳችን፣ በአባታችንና በአያታችን ስም ነውና «ስም፣ የአባት ስም፣ የአያት ስም» ብሎ መጻፍ ይበቃል።

ነገር ግን ሥራው ራሱ ከባድ ሲሆን ፎርሙም ይከብዳል። ለአንድ ክሊኒክ የቀጠሮ ገጽ ስሠራ ባለቤቱ «የማይስማማዎት መድኃኒት አለ?» የሚለው ጥያቄ ሰውን ስለሚያስቆም እንዲወጣ ጠይቆኝ ነበር። ሰውን ማስቆሙ እውነት ነው፤ የተጻፈውም እንዲያስቆም ነው። ጥያቄው አልወጣም፤ የተለወጠው አቀራረቡ ብቻ ነው፤ «አላውቅም» የሚል ምርጫ ተጨመረለት፤ ይህን የመረጠ ሰው ሐኪሙ ፊት ሲቀርብ እንደገና እንዲጠየቅ ተደረገ።

ጽሑፉን አውጥቶ ምልክት ብቻ መጠቀም ማንበብ ለማይችሉ አይቀልም?

እምብዛም። «አስቀምጥ» ለማለት የሚሳለው ፍሎፒ ዲስክ በእጁ ይዞት ለማያውቅ ወጣት አራት ማዕዘን ሥዕል ብቻ ነው፤ ሦስቱ አግድም መስመሮችም ሜኑ መሆናቸውን ያልለመደ ሰው አያውቅም። ምልክቱ ከቃል ጋር ይሁን፤ ማንበብ የማይችለውም አጠገቡ ያለውን ሰው «ምን ይላል?» ብሎ መጠየቅ የሚችለው ቃል ሲኖር ነው።

ገጹን ስንት ሰው ላይ መፈተሽ ይበቃል?

የድረ ገጽ አጠቃቀም ቅለት ባለሙያው ያኮብ ኒልሰን እ.ኤ.አ. በ2000 አምስት ሰው እንደሚበቃ ጽፏል፤ ስሌቱ አንድ ተፈታኝ በአማካይ 31 በመቶ የሚሆነውን ችግር ያገኛል በሚል ግምት ላይ ስለቆመ አምስቱ ተደምረው ወደ 85 በመቶ ያገኛሉ። ይህ ግን የሚሠራው አምስቱ ሰዎች ሲመሳሰሉ ነው፤ ተጠቃሚዎቹ የተለያዩ ወገኖች ከሆኑ ከእያንዳንዱ ወገን ሰው መውሰድ እንደሚያስፈልግ ኒልሰን ራሱ ገልጿል። በተግባር ግን የማየው አምስት የሥራ ባልደረቦች በቢሮ ዋይፋይ፣ በአዲስ ስልክ ሲፈትሹት ነው። ቢያንስ ሁለቱን ከገበያ አምጧቸው፤ ሲሳሳቱም አያርሟቸው፤ እጅዎን አጣምረው ይመልከቱ። ከሁሉም ከባዱ ክፍል ይህ ዝም ማለት ነው።

ቪዲዮና ተንቀሳቃሽ ምስል ቢጨመርስ?

ደንበኛዎ ዳታ በሜጋባይት እየቆጠረ የሚገዛ ከሆነ አይጨምሩ።

ለአንዲት ትንሽ ሱቅ ይህ ሁሉ ያስፈልጋታል?

ብዙ ጊዜ አያስፈልጋትም። ባለፈው ዓመት አንድ የቧንቧ ውሃ ሰፈር ልብስ ሰፊ ልኬት መሙያ፣ ጨርቅ መምረጫና ክፍያ ያለው ገጽ እንድሠራለት መጣ። ደንበኞቹ እንዴት እንደሚያዝዙ ስጠይቀው በስልክ ደውለው ከመጡ በኋላ በሜትር እንደሚለካቸው ነገረኝ፤ ትከሻን ሰው ራሱን በራሱ በትክክል መለካት አይችልምና የልኬት ፎርሙ የቱንም ያህል ቢቀል ኮቱ ጠቦ ነው የሚወጣው። የሠራንለት አንድ ገጽ ነው፤ ሦስት የኮት ፎቶ፣ ሱቁ የሚከፈትበት ሰዓት፣ «ከጠዋቱ 2 ሰዓት እስከ ምሽቱ 1 ሰዓት» ተብሎ በቃል የተጻፈ፣ ከበላዩ ደግሞ ሲነካ የሚደውል ስልክ ቁጥር በትልቅ ፊደል።